«አስታማሚ ውጡ!»

ሆስፒታል የተኛ ወይም ሰው ያስተኛ ሁሉ ይህቺን ትእዛዝ ያውቃታል። ጠዋት ሐኪሞቹ ነጭ ጋዋናቸውን ለብሰው አልጋ ለአልጋ መዞር ሊጀምሩ ሲሉ ከበሩ አካባቢ አንድ ድምፅ ይሰማል፤ «አስታማሚ ውጡ!»። ሌሊቱን ወንበር ላይ ወይም አልጋው ሥር ካርቶን አንጥፋ ያደረችው እናት፣ ሚስት ወይም እህት ነጠላዋን እያስተካከለች፣ ፔርሙዟን አንጠልጥላ ትወጣለች። በሽተኛው ሌሊት ስንት ጊዜ እንዳቃሰተ፣ ምን እንደቀመሰ፣ ምን እንዳስመለሰው፣ በየትኛው ጎኑ ሲያዞሩት እንደሚጮህ የምታውቀው እሷ ናት። የምታውቀው ከወጣች በኋላ ስለ በሽተኛው ውይይት ይጀመራል። አይገርምም?

ደንቡን ያወጡት ሰዎች ክፋት አስበው አይደለም። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ የጎረቤት አልጋ ገመናም መጠበቅ አለበት። ወባ ለያዘው ወይም ትርፍ አንጀቱን ለተቀደደ ሰው፣ አስታማሚው ለአንድ ሰዓት ውጭ ቢቆይ ብዙ አይጎዳም። ካንሰር ግን የሳምንት እንግዳ አይደለም። ለወራት፣ ለዓመታት ይቀመጣል። በሽተኛው ሐኪም ፊት የሚሆንባቸው ሰዓታት ተደምረው ጥቂት ቀን ቢሞሉ ነው፤ የቀረው ጊዜ ሁሉ በአስታማሚው እጅ ነው። እንግዲህ የዛሬው ጨዋታዬ ይህ ነው። በአገራችን የካንሰር ሕክምና ታሪክ ውስጥ አስታማሚው የት ቆመ? በር ላይ ወይስ አልጋው አጠገብ?

ቃሉን ራሱን እንየው። «አስታመመ» ከ«ታመመ» የወጣ ነው። አማርኛ የማስታመምን ግስ ከሕመም ግስ ውስጥ ማውጣቱ ለእኔ ትልቅ ነገር ይነግረኛል። አከመ፣ ፈወሰ፣ አዳነ የሚሉት ሌሎች ቃላት ናቸው። ማስታመም የግድ ማዳን አይደለም፤ የታመመውን ሰው ሕመሙ እስከሚያደርሰው ድረስ አብሮ መሄድ ነው። ሐኪሙ «ከዚህ በላይ የማደርገው የለም» ሊል ይችላል። አስታማሚ ግን እንዲህ ብላ አታውቅም።

ምሳሌዬን ከማውቀው አገር፣ ከጎጃም ደጋ፣ ከደብረ ማርቆስና ከዙሪያዋ ላምጣ። እዚያ ሰው ብቻውን አይታመምም። ከጮቄ ተራራ ግርጌ ባለ መንደር አንድ አባወራ ቢወድቅ ማንም ስብሰባ ሳይጠራ ሥራው ይከፋፈላል። አንዷ አስታማሚ ትሆናለች፤ አጥሚቱን ታሞቃለች፣ ታገላብጣለች፣ ሌሊት ትነቃለች። ጎረቤቶች ውሃና እንጨት ያመጣሉ። እርሻው ጦም እንዳያድር ደቦ ይወጣለታል። ነፍስ አባት መጥተው ጸሎት ያደርሳሉ፣ ንስሐ ይሰማሉ፣ ጠበል ይረጫሉ፤ ሕመሙ ሲጠና ጸሎተ ቀንዲል ያደርሳሉ። ጠያቂው በእጁ ያለችውን ይዞ «እግዜር ይማርህ» እያለ ይገባል። መጠየቅ እንደ ዋዛ አይታይም፤ ታሞ ያልጠየቁት ሰው ቅያሜው ለዓመታት ይቆያል። ጤና ጣቢያ መሄድ ሲያስፈልግም ጎልማሶች ቃሬዛ ሠርተው፣ እየተፈራረቁ ተሸክመው፣ ረቡዕ ገበያን የመሰለ መኪና የሚገኝበት ከተማ ድረስ ያወርዱታል።

ዛሬ በየሥልጠናው «የክብካቤ ቡድን» የሚባለው እኮ ይኸው ነው። ሥጋውን የሚንከባከብ፣ ነፍሱን የሚጠብቅ፣ ቤቱን የሚያቆም፣ መንገዱን የሚያቃና። ቡድን ለጎጃም አዲስ ነገር አይደለም።

እውነቱን ለመናገር ግን ይህ ቡድን ሁለት ነገር ጎድሎት ኖሯል። አንደኛው ስለ በሽታው ማወቅ ነው። አባቶቻችን ሥር የሰደደውን፣ አልሽር ብሎ ሥጋ የሚበላውን በሽታ «ነቀርሳ» ይሉታል። ቃሉ ለሁለት ጌታ አደረ። «የሳንባ ነቀርሳ» ስንል ቲቢ ነው፤ «የጡት ነቀርሳ»፣ «የደም ነቀርሳ» ስንል ካንሰር ነው። የመጀመሪያው በትንፋሽ ይተላለፋል። ሁለተኛው አብሮ በመብላት፣ በማጠብ፣ በማስታመም አይተላለፍም። ስማቸው አንድ ስለሆነ ግን ፍርሃታቸውም አንድ ሆነ። ዕቃዋ የተለየባት፣ ልጆቿን እንዳትስም የተከለከለች የጡት ካንሰር ታማሚ ያየ ሰው፣ አንድ ቃል ምን ያህል ሰው እንደሚጎዳ ያውቃል። ሕመሟን የደበቀችውም ለዚሁ ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚል ተረት እያለን የሚያስደብቅ ስም ሰጠነው።

ሁለተኛው ጉድለት የሥቃይ ማስታገሻ ነው። ወጌሻ የወለቀ ይመልሳል፤ መድኃኒት አዋቂው ቅጠል ይጨምቃል። አጥንት ውስጥ የገባ ካንሰር ግን በቅጠል አይመለስም። አስታማሚዋ ያላት እጇና ጸሎቷ ብቻ ነው። «ምነው ባረፈ» የሚለው ቃል ከሚወዱት ሰው አፍ የሚወጣው ያን ጊዜ ነው። ከጥላቻ አይደለም፤ ከአቅም ማጣት ነው።

ወደ ዘመናዊው ሕክምና እንምጣ። ከዓድዋ ድል በኋላ በ1888 ዓ.ም. የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች አዲስ አበባ ገቡ፤ የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ታሪክ ከእነሱ ሥራ ጋር የተያያዘ ነው። ነርስነት ግን እንደ ሙያ ለኢትዮጵያውያት የተከፈተው ዘግይቶ ነው። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደት ዘመን ለንደን ውስጥ በታወቀ የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተማሩ። የንጉሥ ልጅ የበሽተኛ አልጋ ስታነጥፍ ማየት ለዚያ ዘመን ቀላል ነገር አልነበረም። እሳቸው በ1934 ዓ.ም. ገና በወጣትነታቸው ነቀምቴ ላይ ዐረፉ። በስማቸው በተሠራው ሆስፒታልና በቀይ መስቀል የነርሶች ትምህርት ቤት በ1940ዎቹ ኢትዮጵያውያት ነርሶች መሠልጠን ጀመሩ።

በ1947 ዓ.ም. ደግሞ ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። የዚህ ኮሌጅ ሐሳብ እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል። ጤና መኮንኑ፣ የኅብረተሰብ ነርሷና የአካባቢ ጤና ባለሙያው በአንድ ቦታ ይሠለጥናሉ፤ ከዚያም በቡድን ሆነው ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ይሠማራሉ። ሐኪም ብቻውን አገር አያድንም የሚለው ሐሳብ በመንግሥት ደረጃ የተተከለው ያን ጊዜ ነው ማለት ይቻላል። የዚያ ቡድን ጠላት ግን ወባና ሌሎች ተላላፊ በሽታዎች ነበሩ። ካንሰር በዕቅዱ ውስጥ ቦታ አልነበረውም።

አስታማሚውስ? ሆስፒታሉ አላባረረውም፤ ሊያባርረውም አይችልም። ምግብ የሚያመጣው እሱ ነው። መድኃኒት «ከውጭ ግዙ» ሲባል ከተማውን የሚዞረው እሱ ነው። ናሙና ይዞ የሚሮጠው፣ ደም የሚሰጠው፣ በሽተኛውን ሽንት ቤት የሚያደርሰው እሱ ነው። ደመወዝ የሌለው ሠራተኛ ሆነ። የቡድን አባል ግን አልሆነም። ሥራውን እንጂ እውቀቱን የፈለገው አልነበረም።

ካንሰር ይህን ጉድለት አፍጥጦ አወጣው። የጨረር ሕክምና በኢትዮጵያ የተጀመረው በ1990 ዓ.ም. ገደማ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ነው። የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ እገዛ ነበረበት፤ መሣሪያውም ኮባልት የሚባለው ዓይነት ነው። ከዚያ በኋላ ከሁለት ዐሥርት ዓመታት በላይ በመላ አገሪቱ ሌላ የጨረር ማዕከል አልነበረም። የካንሰር ሐኪሞችም ለረጅም ጊዜ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ወረፋው በወራት፣ ሲብስም በዓመት ይቆጠር ነበር። ጅማንና ሐረማያን በመሳሰሉ ዩኒቨርሲቲዎች ሆስፒታሎች ጨረር የመጣው በቅርብ ዓመታት ነው። በአገራችን በየዓመቱ ከ70 ሺህ በላይ ሰዎች አዲስ በካንሰር እንደሚያዙ ይገመታል።

ይህን ከደብረ ማርቆስ ላይ ሆናችሁ እዩት። አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል፣ ከድልድዩ ወደ ጎሐ ጽዮን ሽቅብ። በ2001 ዓ.ም. ዋዜማ በጃፓን ርዳታ የተሠራው የህዳሴ ድልድይ ወንዙን መሻገር አቀለለ፤ ጠመዝማዛውን ግን አላቀናውም። ካንሰሩ አከርካሪዋ ላይ ለወጣባት ሴት እያንዳንዱ ኩርባ ራሱን የቻለ ሥቃይ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭት ምክንያት ደግሞ መንገዱ የሚዘጋበት ጊዜ በዛ። የቀጠሮ ቀን ግን መንገድ ተዘጋ ብሎ አይጠብቅም።

አዲስ አበባ ዘመድ ያለው ዘመድ ቤት ይገባል፤ የሌለው አልጋ ይከራያል። አንድ በሬ ተሸጦ የመጣው ብር ወረፋ ሲጠበቅ ያልቃል። ሁለተኛው በሬ ይሸጣል። በሬ ያለቀበት ገበሬ መሬቱን ለሌላ አራሽ ይሰጣል፤ ልጁ ከትምህርት ቤት ይቀራል። በዚህ ሁሉ መጨረሻ ላይ «በሽታው ተስፋፍቷል፤ አገራችሁ ውሰዱት» የሚል መልስ የሚያገኘው ብዙ ነው፤ አብዛኛው ሕመምተኛ የሚደርሰው ካንሰሩ ከገፋ በኋላ ነውና። በሽታው የአንድ ሰው ነው፤ ድህነቱ ግን የቤተሰብ ነው። በሽተኛውም ዓባይን መልሶ ሲሻገር በኪሱ ያለው ፓራሲታሞል ብቻ ነው።

ለመሆኑ ለዚህ ሰው ምን ይደረግለት? ይህን ጥያቄ በዘመናችን አጥብቃ የጠየቀችው እንግሊዛዊቷ ሲስሊ ሳንደርስ ናት። ሴትየዋ በመጀመሪያ ነርስ ነበረች፤ ቀጥላ የሆስፒታል ማኅበራዊ ሠራተኛ ሆነች፤ በመጨረሻ ሐኪም ሆነች። ሦስቱን ሙያ በአንድ ራስ ላይ ስለያዘች ሐኪሙ ብቻውን የማያየውን አየች። ሥቃይ የሥጋ ብቻ አይደለም አለች፤ የአእምሮ፣ የኑሮና የነፍስ ሥቃይ አብሮ አለ። እ.ኤ.አ. በ1967 ለንደን ላይ የቅዱስ ክሪስቶፈር ሆስፒስን ከፈተች። እዚያ ማስታገሻ የሚሰጠው በሽተኛው እስኪጮህ ተጠብቆ ሳይሆን ሰዓቱን ጠብቆ ነበር። ቤተሰብም ከበሽተኛው ጋር አብሮ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1986 የዓለም ጤና ድርጅት የሥቃይ ማስታገሻ አሰጣጥን በሦስት እርከን መሰላል አወጣ፤ ከቀላሉ ማስታገሻ ተነሥቶ ሞርፊን ይደርሳል።

ይህ ሐሳብ ለአፍሪካ ቅንጦት ነው ያሉ ነበሩ። ሐኪሟ አን ሜሪማን እ.ኤ.አ. በ1993 ካምፓላ ላይ ሆስፒስ አፍሪካ ኡጋንዳን መሥርታ መልስ ሰጠች። መልሱ በጣም ቀላል ነው። የሞርፊን ዱቄት በውሃ ይበጠበጣል፣ በፕላስቲክ ጠርሙስ ይሞላል፣ በሽተኛው ቤት ድረስ ይሄዳል። ኡጋንዳም እ.ኤ.አ. በ2004 የሠለጠኑ ነርሶች ሞርፊን እንዲያዙ በሕግ ፈቀደች። ሐኪም በሌለበት ገጠር ነርሷ ሥቃዩን እንድታስታግስ ማለት ነው።

እኛስ? በ1995/96 ዓ.ም. ሲስተር ጽጌረዳ ይስፋወሰን ሆስፒስ ኢትዮጵያን አዲስ አበባ ላይ መሠረቱ። ነርስ መሆናቸውን ልብ በሉልኝ። በ1996 ዓ.ም. ደግሞ አቶ ወንዱ በቀለና ባለቤታቸው ወይዘሮ አምሳለ በየነ፣ ሕፃን ልጃቸውን ማቲዎስን በደም ካንሰር ካጡ በኋላ፣ በስሙ የማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን አቋቋሙ። ከክፍለ ሀገር ልጆቻቸውን ይዘው ለሚመጡ ወላጆች ማረፊያ የሚሰጠውን ተስፋ አዲስንም የመሠረቱት ወላጆች ናቸው። መንግሥት በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ2007 የሥቃይ ማስታገሻ መመሪያ፣ በ2008 ዓ.ም. ብሔራዊ የካንሰር ቁጥጥር ዕቅድ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ የማስታገሻ ክብካቤ መመሪያ አወጣ።

ቅደም ተከተሉን እዩት። መጀመሪያ የጀመሩት ማን ናቸው? ነርስና አስታማሚ። አልጋው አጠገብ ያደሩት። ሌሊቱን የሚያውቁት። ወረቀቱ ከኋላ መጣ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ትልቁን ነገር ያዩት በር ላይ ቁሙ የሚባሉት ሰዎች ናቸው።

እስቲ የእንዲህ ዓይነት ነርስ ሥራ ምን እንደሚመስል ላስረዳ። ቤት ትገባለች። መጀመሪያ ከአስታማሚዋ ጋር ቁጭ ትላለች፤ «ሌሊቱን እንዴት አደራችሁ?» ትላለች። በሽተኛውን ሥቃዩን በጣቱ እንዲለካ ትጠይቀዋለች፤ የተጨበጠ እጅ ምንም የለም ማለት ነው፣ አምስቱም ጣት ሲዘረጋ የማይቻል ነው ማለት ነው። ሞርፊኑ በታዘዘው መጠን፣ ሰዓቱን ጠብቆ፣ ሳይሠቃይ በፊት እንደሚሰጥ ታሳያለች። ሆድ ስለሚያደርቅ የሚያለሰልስ መድኃኒት አብሮ እንደሚያስፈልግ ትናገራለች። አስታማሚዋ ማንበብ ካልቻለች ለቀኑ ፀሐይ፣ ለሌሊቱ ጨረቃ ሥላ ትሰጣታለች። የጡት ካንሰር ቁስል ሽታው ጠያቂን ያርቃል፤ ሜትሮኒዳዞል ተፈጭቶ ሲነሰነስበት ሽታው እንደሚቀንስ በእጇ ታሠራታለች። የደረቀ አፍ እንዴት እንደሚረጥብ፣ ጀርባ እንዳይቆስል በየስንት ሰዓቱ እንደሚገላበጡ ታስተምራለች። በመጨረሻም ማንም የማይጠይቀውን ትጠይቃለች፤ «አንቺስ በልተሻል? ተኝተሻል?»

ይህ ሁሉ ማሽን አይፈልግም። ያቺ ሴት ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የምታደርገውን ታውቃለች። «ምነው ባረፈ» ማለት ትታ «የስምንት ሰዓቱን ሰጥቻለሁ» ትላለች። ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው።

ስለ ሞርፊን ብዙ ይወራል፤ ሱስ ያስይዛል፣ ዕድሜ ያሳጥራል ይባላል። ለካንሰር ሥቃይ በትክክለኛ መጠን፣ በባለሙያ ክትትል ሲሰጥ ሱሱ እንደሚፈራው አይደለም፤ ሰውን ለመግደልም አይደለም የሚሰጠው። እንዲያውም ሥቃዩ የታገሠለት ሰው እንቅልፍ ያገኛል፣ ጥቂት ይቀምሳል፣ ከልጆቹ ጋር ያወራል። ችግሩ ፍርሃቱ በሐኪም ቤትም፣ በመድኃኒት ቤትም መኖሩ ነው። ስለዚህ ፋርማሲስቱም የቡድኑ አባል ነው። መድኃኒቱ ከቁልፉ ሥር ተቀምጦ በሽተኛው የሚጮህ ከሆነ፣ የቆለፈው ሰው ታሪኩን ሊሰማ ይገባል።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን መናገር ነው። «ካንሰር ነው» የሚለውን ለማን እንንገር? ቤተሰብ ሐኪሙን ኮሪደር ላይ ይዞ «ለእሱ እንዳትነግሩብን፤ ሐሳቡ ይገድለዋል» ይላል። የዛሬ ሐኪም ደግሞ በሽተኛው የማወቅ መብት አለው ተብሎ ተምሯል። ሁለቱ ይፋጠጣሉ።

አንድ የደብረ ማርቆስ አካባቢ አዛውንት ትዝ ይሉኛል። ልጆቻቸው ጨጓራ ነው ብለዋቸዋል። አንዲት ነርስ ልጆቹ በሌሉበት ቀስ ብላ ጠየቀቻቸው።

«አባባ፣ ሕመምዎን ምን ይሉታል?»

«ልጆቼ ጨጓራ ነው ብለውኛል።»

«እርስዎስ?»

«እኔማ ካወቅሁት ቆየሁ። እነሱ እንዳይደነግጡብኝ ብዬ ነው ጨጓራ የምለው።»

አያችሁ? አባት ለልጆቹ፣ ልጆች ለአባታቸው አንዱን እውነት ሲደባበቁ ኖሩ። አንድ ጣሪያ ሥር ሆነው ሁሉም ብቻቸውን ታመሙ።

እኔ እዚህ ላይ የራሳችን ሥርዓት መልስ አለው ባይ ነኝ። መርዶን አስቡት። በጎጃም መርዶ እንዲሁ አይረዳም። ሰው መንገድ ላይ እያለ አይነገረውም። ብቻውን አይነገረውም። ሽማግሌ ይመረጣል፣ ቅርብ ዘመድ ይሰበሰባል፣ ነፍስ አባት ይጠራሉ፣ በማለዳ ይኬዳል። የሚደግፈው እጅ ከአጠገቡ ሳይቆም ክፉ ወሬ ከአፍ አይወጣም። አባቶቻችን ክፉ ወሬን አልደበቁም፤ ሥርዓት አበጁለት እንጂ። ሐኪሙና ነርሷም ከዚህ ቢማሩ ጥሩ ነው። መጀመሪያ በሽተኛውን «ስለ ሕመምዎ ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ? ማን አብሮዎት ይስማ?» ማለት። ቀጥሎ የመረጠውን ሰው ማስቀመጥ። ከዚያ በግልጽ፣ በቀስታ፣ በአማርኛ መናገር። ተናግሮም አለመሮጥ።

መደበቁ የሚያስከፍለው ዋጋ ቀላል አይደለም። እውነቱን ያልሰማ ሰው ዕዳውን አይከፍልም፣ ያስቀየመውን ይቅርታ አይልም። ሳይናዘዝ የሞተ ገበሬ ለልጆቹ መሬት ሳይሆን የፍርድ ቤት ክርክር ያወርሳቸዋል። እውነቱ በጊዜው ቢነገር ኖሮ ሁለተኛው በሬ ላይሸጥ ይችል ነበር።

ነፍስ አባትንም ከቡድኑ ውጭ ማድረግ አይቻልም። ካንሰሩ ገና ሊታከም ሲችል መድኃኒቱን አቋርጦ ጠበል የገባ፣ ከወራት በኋላ ተመልሶ የመጣ ሰው ታሪክ በየሆስፒታሉ አለ። መፍትሔው ጠበሉን መንቀፍ አይደለም። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ከጠበሉ ጋር እንዲወስዱ በአደባባይ ተናግረው ነበር። ያ ቃል የብዙ ሰው ሕይወት ጉዳይ ነበር። ለካንሰርም ያው ቃል ያስፈልጋል። አንድ ነፍስ አባት «ልጄ፣ ጠበሉንም ጠጣ፣ ቀጠሮህንም እንዳታሳልፍ» ቢሉ ከዐሥር ፖስተር ይበልጣል።

አሁን ደግሞ አንድ ከባድ ነገር ላንሣ። በአገራችን በካንሰር ከሚያዙት አዋቂዎች ሁለት ሦስተኛ ገደማ የሚሆኑት ሴቶች ናቸው፤ የጡትና የማኅፀን በር ካንሰር ይቀድማሉ። አስታማሚያችን ማን ነበረች? ሴት። እንግዲህ በሽታው የሚመታው አስታማሚዋን ራሷን ነው ማለት ነው። ባሏን፣ አማቷን፣ ልጇን ስታስታምም የኖረች ሴት ስትወድቅ ማን ያስታምማት? ብዙ ጊዜ የ12 ወይም የ13 ዓመት ሴት ልጇ ከትምህርት ቤት ትቀርና ትተካለች። ወንዶቻችን አጥሚት ማሞቅና ማገላበጥ ሊማሩ ይገባል። ቃሬዛ መሸከም ብቻ ወንድነት አይደለም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ጨረርና ኬሞቴራፒ ወደ ሕዝቡ መቅረብ አለባቸው፤ በዚህ ክርክር የለም። ይህ ግን ብዙ ገንዘብና ዓመታት ይፈልጋል። አስታማሚዋን ማሠልጠን፣ ሞርፊንን ደብረ ማርቆስ ላይ ማግኘት፣ ለበሽተኛው ዓባይን ከመሻገሩ በፊት እውነቱን መናገር ግን ማሽን አይጠብቅም። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ተመድበዋል። እናትን ስለ እርግዝና ያስተማሩ ልጆች ጀርባው ስለቆሰለ አባትም ሊያስተምሩ ይችላሉ። በጠዋቱ ዙርም ሐኪሙ አስታማሚዋን ከማስወጣቱ በፊት ሌሊቱ እንዴት እንዳለፈ ቢጠይቃት ሁለት ደቂቃ አይፈጅበትም።

ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ ልጨምር። በደቡብ ሕንድ በኬረላ ክፍለ ሀገር እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ ጎረቤቶች ተደራጅተው፣ ሠልጥነው፣ አልጋ ላይ የቀሩ ሕሙማንን ከነርስ ጋር ቤት ለቤት ያስታምማሉ። ከየቤቱ ትንሽ ትንሽ ገንዘብ ያዋጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2008 የክፍለ ሀገሩ መንግሥት ይህንኑ ፖሊሲ አደረገው። ይህን ስሰማ የታየኝ እድር ነው። የእኛም እድሮች ይህን ሥራ አያውቁትም ማለት አይቻልም፤ በ1990ዎቹ በአዲስ አበባ የኤችአይቪ ሕሙማንን ቤት ለቤት የሚያስታምሙ በጎ ፈቃደኞችን ያሰማሩ እድሮች ነበሩ።

እድር ድንኳን አለው፣ ብረት ድስት አለው፣ ወንበር አለው፣ መዝገብና ቀጪ አለው። ቀብር የቀረውን ይቀጣል። ወርኃዊ መዋጮውን ሳያጓድል ለ30 ዓመት የከፈለ ሰው ግን ከእድሩ የሚጠቀመው ዓይኑን ከጨፈነ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ባሉት ስድስት ወራት ሚስቱ ሌሊት ብቻዋን ስትነቃ፣ የመድኃኒት ብር ስታጣ፣ እድሩ አይሰበሰብም። ከቀብሩ ወጪ ጥቂቱን ለሕመሙ ብናደርገውስ? ሁለት ሰው መርጠን፣ ነርስ አስተምራቸው፣ ሳምንት በሳምንት አስታማሚዋን አንድ ሌሊት ቢያስተኟትስ? የሚቀጥለው የእድር ስብሰባ የተለመደው እሑድ ነው። አጀንዳው ላይ ይያዝልኝ።